ኬታሚን እየወሰዳችሁ ሽንት ካስቸገራችሁ ይሄን አንብቡ

ነገሩን ሳላዞር ልጀምር። ኬታሚን የሚባለውን የማደንዘዣ መድሃኒት አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ሽንቱ ቶሎ ቶሎ መምጣት ከጀመረ፣ ሲሸና ካቃጠለው፣ ከእምብርቱ በታች እየወጋው ሸንቶ ሲጨርስ ለትንሽ ደቂቃ ቀለል የሚለው ከሆነ፣ ብርድ ነው ብሎ መቀመጥ የለበትም። ውሃ ስላልጠጣሁ ነውም አይባልም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ይመርመር፣ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሽንት ፊኛው ከውስጥ እየቆሰለ ነው፣ ያቆሰለውም ኬታሚኑ ነው።

ይሄን የምጽፈው እንደ ወንድም የማየው ጓደኛዬ በዚህ ነገር ሲሰቃይ አጠገቡ ስለነበርኩ ነው፣ ልጻፈው ወይ ስለው ስሜን አታንሳ እንጂ ጻፈው አለኝ። ከሱ ያየሁት ነገር ቢኖር ይሄ በሽታ የሚብሰው ዝም ስለሚባል ነው። ሰው ስለ ሽንቱ ማውራት ያፍራል፣ ስለሚወስደው ነገር ማውራት ደሞ ያፍራልም ይፈራልም፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ እንኳን ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ውጦ ይወጣል። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ፊኛው እየባሰበት ይሄዳል፣ መጀመሪያ አካባቢ ቢያቆም ሊድን የሚችል ነገር ሲቆይ አይድንም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ኬታሚን ራሱ ክፉ መድሃኒት አይደለም፣ ይሄን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ካልቪን ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1962 ፓርክ ዴቪስ ለሚባል የመድሃኒት ኩባንያ የሰራው ነው፣ በ1970 አሜሪካ ውስጥ ለማደንዘዣነት ተፈቀደ፣ ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድሃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ከብዙ ማደንዘዣዎች የሚለየው አተነፋፈስን ያን ያህል ስለማያዳክም ነው፣ ለዚህም ነው መሳሪያ ባልተሟላበት ቦታ ሳይቀር ሰው የሚያድነው። ለኦፕራሲዮን አንዴ የተወጋ ሰው ፊኛዬ ምን ይሆን ብሎ መጨነቅ የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ደጋግመው ሲወስዱት ነው፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ ከዛ በየቀኑ፣ ለወራት ለዓመታት። ሐኪሞችም ዘግይተው የነቁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። መድሃኒቱ ከ30 ዓመት በላይ አገልግሎት ላይ ከቆየ በኋላ በ2007 የካናዳ ቶሮንቶ ሐኪሞች ኬታሚን የሚወስዱ 9 ሰዎች ላይ ያዩትን የፊኛ ቁስለት ጽፈው አወጡ፣ በዛው ዓመት ከሆንግ ኮንግም ተመሳሳይ ነገር ተጻፈ፣ ከዛ በኋላ ከታይዋን፣ ከማሌዥያ፣ ከእንግሊዝ እየተከታተለ መጣ። ስለዚህ በሽታው ገና አዲስ ነው ማለት ይቻላል፣ ስንት ሐኪም ትምህርት ላይ እያለ ሰምቶት እንደማያውቅ አስቡት።

ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጓደኛዬ ራሱ ይሄ ከገባው በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዘው። ኬታሚን በአፍንጫ ይግባ በመርፌ ይግባ በአፍ ይግባ ዞሮ ዞሮ ደም ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጉበት ይሰባብረዋል፣ ኖርኬታሚን የሚባልና ሌሎችም ከሱ የሚወጡ ነገሮች ይፈጠራሉ፣ እነሱን ኩላሊት አጣርቶ ወደ ሽንት ይልካቸዋል። ሽንት ደሞ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ማለትም ጭንቅላት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል የተሰማው ነገር ካለፈ በኋላም ትርፍራፊው ፊኛው ላይ ተኝቶ እየነካካው ነው። የፊኛ ውስጠኛ ግድግዳ ሽንት ራሱ እንዳያቃጥለው የሚከላከልለት ስስ ሽፋን አለው፣ ያ ሽፋን ሲነካ ሲነካ ይላጣል፣ ከሱ ስር ያለው ስጋ ይጋለጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል፣ ሰውነት ሊጠግነው ይሞክራል ሳይድን በላዩ ላይ ደግሞ ይመጣበታል። ይሄ ሲደጋገም ግድግዳው ይወፍርና ጠባሳ ይሰራል። ጤነኛ ፊኛ ሽንት ሲሞላ የሚለጠጥ ነው፣ ጠባሳ የሰራ ፊኛ ግን ውሃ ነክቶት የደረቀ ቆዳ ሆኖ ይቀራል፣ ይኮማተራል እንጂ አይለጠጥም። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል፣ በጣም የተጎዳ ሰው ላይ ከ100 በታች ይወርዳል። አስቡት፣ አንድ ትንሽ ስኒ ሽንት እንኳን መያዝ አቃተው ማለት ነው።

ብዙ ሰው ደሞ ጥሩ ጥራት ያለው ከሆነ አይጎዳም ይላል፣ የሚጎዳው የተቀላቀለበት ነገር ነው ይላል። ይሄን ወሬ ስንቱ እንደሚያምነው ሳይ እናደዳለሁ። ፊኛውን የሚጎዳው ራሱ ኬታሚኑና ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር የሚወጣው ነገር ነው፣ ንጹሕ ሆነ አልሆነ፣ ከፋርማሲ ወጣ ከሌላ ቦታ መጣ ለፊኛው አንድ ነው። መጠኑና ድግግሞሹ ነው ልዩነት የሚያመጣው፣ በጨመሩ ቁጥር ይብሳል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ኬታሚን ወስደናል ካሉ 1,285 ሰዎች 26.6 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የሽንት ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል። ከአራት ሰው አንድ በላይ ማለት ነው፣ ከነሱ ውስጥ ደሞ ሱስ ላይ ያልደረሱ ብዙ ነበሩ። አብዛኛው በዚህ የሚሰቃይ ሰው ወጣት ነው፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ የሽንት ችግር የሽማግሌ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ዕድሜ ላይ።

ጓደኛዬን ሐኪሙ አንድ ወረቀት ሰጥቶት በሸናህ ቁጥር ሰዓቱንና መጠኑን ጻፍ አለው፣ የሚለካበት መስመር ያለው የፕላስቲክ ማሰሮም ያዘ። ያንን ወረቀት አይቼዋለሁ። 50፣ 40፣ 70፣ 30፣ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሁለቱ መሀል ያለው ሰዓት አንዳንዴ ሀያ ደቂቃ አይሞላም፣ ሌሊቱ ላይ ስትመጡም አይቆምም፣ ጽሑፉ ብቻ እየተጣመመ ይሄዳል፣ በእንቅልፍ ልቡ እየተነሳ ነዋ የሚጽፈው። አንዱ ቦታ ላይ ቁጥር የለም፣ "አልደረስኩም" ብሎ ጽፎበታል። እኔ ቀን ቀን አብሬው ስውል ሽንት ቤት ቶሎ ቶሎ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ግን ቁጥሩ ተሰድሮ ሳየው ነው ይሄ ልጅ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንዳልተኛ የገባኝ። ጉዞ ትቶ ነበር፣ ሰርግ ለቅሶ ትቶ ነበር፣ አዲስ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚፈልገው የሽንት ቤቱን በር ነው፣ እኛ ግን ሰው ጠላ፣ ተለወጠ እያልን እናማው ነበር።

ከሁሉም የሚከፋው ነገሩ መውጫ የሌለው አዙሪት መሆኑ ነው። ኬታሚን ህመም ያደነዝዛል፣ ሥራው ነው። ስለዚህ ፊኛው ሲያቃጥለው ይወስዳል፣ ህመሙ ፀጥ ይላል፣ የወሰደው ደሞ ተመልሶ በሽንት ወርዶ ፊኛውን ያቆስላል፣ ከሰዓታት በኋላ የባሰ ያመዋል፣ ያኔ ደግሞ ይወስዳል። ሰውነትም ይለምደዋል፣ ትላንት የበቃው ዛሬ አይበቃውም። ጓደኛዬ መጨረሻ አካባቢ ለመዝናናት ብሎ አልነበረም የሚወስደው፣ ሽንት ቤት ለመግባት ነበር የሚወስደው። እንደዛ ብሎ ነው የነገረኝ፣ ሳይወስድ መሽናት ስለሚፈራ። ሱሰኛ ነው ፍላጎት የለውም የሚሉ ሰዎች ይሄን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፣ ሰውየው እኮ በእሳትና በእሳት መሀል ነው ያለው፣ ከመሃሉ እንዲወጣ ህመሙን በሌላ መንገድ የሚያስታግስለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሐኪም ጋ የሚፈጠረው ደሞ እንዲህ ነው። ሽንቱ ይመረመራል፣ ደም አለ፣ ነጭ የደም ሴል አለ፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን ይባላል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። አይሻልም። ሌላ አንቲባዮቲክ ይቀየራል። አይሻልም። ሽንቱ ካልቸር ሲደረግ፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት ላቦራቶሪ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ምንም አይበቅልም፣ ምክንያቱም ቁስሉን ያመጣው ባክቴሪያ አይደለም። ሴቶች ላይ ያው የተለመደው የሽንት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ይመላለሳሉ፣ ወንዶች ፕሮስቴት ነው ወይ የአባላዘር በሽታ ነው ይባላሉ። ጓደኛዬም እንዲሁ የተመላለሰ ነው፣ ማንም ምን ትወስዳለህ ብሎ አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። በመጨረሻ አብሬው ገባሁና ከመግባታችን በፊት በር ላይ ተስማማን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምትለው፣ "ኬታሚን ለረጅም ጊዜ ወስጃለሁ፣ ከዛ በኋላ ነው ሽንቴ እንዲህ የሆነው"፣ በቃ። አለው። ድምፁ አይሰማም ነበር ግን አለው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደሱ ዞር አድርጋ ስንት፣ በቀን ነው በሳምንት፣ መጨረሻ የወሰድከው መቼ ነው ብላ ተራ በተራ ጠየቀችው፣ ስድብ የለ ምክር የለ፣ ከዛ ቀን በኋላ ምርመራው ሁሉ መልክ ያዘ።

ምርመራው ራሱ ምን ምን ነው ለሚል፣ ሽንት ከነካልቸሩ፣ የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ እንደሁኔታው ሲቲ ስካን፣ ከዛ በካሜራ ፊኛ ውስጥ ማየት አለ። ካሜራው ነቅቶ ሲደረግ በጣም ስለሚያም ለእንደዚህ አይነት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ በማደንዘዣ ተኝቶ ይደረግለታል፣ ይሄን አስቀድማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አልትራሳውንዱ ለምን እንዳስፈለገ ግን በደንብ ልናገር። ጉዳቱ ፊኛው ላይ አያበቃም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱት ሁለቱ ቱቦዎችም ሊቆስሉና ሊጠቡ ይችላሉ፣ ወይ ደሞ የደረቀው ፊኛ ግፊቱ በዝቶ ሽንቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ያኔ ኩላሊት ሽንት አቁሮ ያብጣል። ይሄ አንዳንዴ ምንም ሳያም ነው የሚሄደው። ሰውየው ያው ፊኛዬ ነው ያመመኝ እያለ ኩላሊቱ እየደከመ ሊሆን ይችላል፣ በጣም ከዘገየ በጀርባ በኩል ኩላሊት ውስጥ ቱቦ ገብቶ ሽንቱ ወደ ውጪ ከረጢት እንዲወርድ ይደረጋል፣ ደም በማሽን የሚጣራበት ዲያሊሲስ ድረስ የሚሄድም አለ። እግረ መንገዴን፣ ከጎድን አጥንት በታች አንጀትን የሚያጣምር ቁርጠትም አለ፣ ኬታሚን የሚወስዱ ሰዎች ያውቁታል፣ የሐሞት ቱቦ መስፋትና የጉበት ምርመራ መዛባት ሊኖርበት ስለሚችል እሱንም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ከሽንቱ ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ አትተዉት።

ውሃ መጠጣትን በሚመለከት አንድ ነገር። ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ ይቀንሳል። ጓደኛዬ ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ጠብታ አይቀምስም ነበር። ውሃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንት የቆሰለውን ግድግዳ የበለጠ ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ያተረፈው ነገር የለም። በአንዴ ሊትር መገልበጥም ሌላ ስቃይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው የሚሻለው። አልኮልና ቡናም ብዙ ሰው ላይ ያባብሰዋል።

ሕክምናው ላይ ስመጣ፣ የሁሉም መነሻ ኬታሚኑን ማቆም ነው፣ ይሄን ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የምር የሚሰራ ነገር ነው፣ በዛው በጠቀስኩት የ2012 ጥናት ላይ ችግር ኖሮባቸው ካቆሙ ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንደተሻላቸው ተናግረዋል፣ ካቆሙ በኋላ ባሰን ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የሌሎቹ መድሃኒቶች ሥራ ማገዝ ነው፣ የህመም ማስታገሻ፣ ፊኛ ቶሎ ቶሎ እንዳይኮማተር የሚያረጋጉ እንክብሎች፣ የተላጠውን ሽፋን ለመተካት በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ፊኛ ውስጥ የሚጨመር ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ፣ የፊኛ ግድግዳ ላይ የሚወጋ ቦቶክስም አለ፣ አዎ ያው ፊት ላይ የሚወጋው። እነዚህ ሁሉ እየተሰጡ ኬታሚኑ ከቀጠለ ግን ቁስል እያከሙ ቁስሉን መፋቅ ነው።

ፊኛው አንዴ ከተኮማተረ የሚቀረው ኦፕራሲዮን ነው። ከአንጀት ተቆርጦ ፊኛው ላይ ይሰፋና ፊኛው ትልቅ እንዲሆን ይደረጋል፣ ወይ ፊኛው ጭራሽ ይወጣና ሽንት በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወርዳል። ከባድ ኦፕራሲዮን ነው፣ በአንጀት የተሰፋለት ሰው አንዳንዴ በቀሪ ዕድሜው በቀን ብዙ ጊዜ በራሱ እጅ ካቴተር እያስገባ ነው የሚሸናው። ሐኪሞች ደሞ ብዙ ጊዜ ሰውየው ማቆሙን ሳያረጋግጡ አይሰሩም፣ እና እሱን ጭካኔ አድርገው የሚያወሩ አሉ፣ እኔ ግን ትክክል ናቸው እላለሁ። አንጀት የነካውን ነገር መልሶ ወደ ደም ይመጥጣል፣ ስለዚህ ሰውየው ከኦፕራሲዮን በኋላ ከወሰደ በሽንት የወረደው ኬታሚን በተሰፋው አንጀት በኩል ተመልሶ ይገባል፣ ያልተነኩት ቱቦዎችም መጥበብ ይቀጥላሉ።

ጓደኛዬ እዛ ሳይደርስ ነው ያቆመው። በአንድ ጊዜ አልነበረም፣ ወደቀ ተነሳ፣ የሱስ ሕክምናውንና የሽንት ሕክምናውን አንድ ላይ ስለጀመረ ይመስለኛል የተሳካለት። የሽንት ሐኪሟ ህመሙን ያዘችለት፣ የሱስ አማካሪው ደሞ ህመሙ ሲቀንስ ምን ቀረ፣ መጀመሪያ ለምን ጀመርከው የሚለውን አብሮት ሰራ። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሳካ አይመስለኝም፣ እያመመህ አቁም መባልና ቢያምህም ቻለው መባል አንድ ነው። አሁንም ሌሊት ይነሳል። ፊኛው የድሮው አይደለም፣ አይሆንም ብለውታል። ግን ሁለት ሰዓት ሳይሸና ይቆያል፣ ማሰሮውን አስቀምጦታል፣ ባለፈው ለእህቱ ሰርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተገኝቷል።

ለድብርት ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ኬታሚን ወይ በአፍንጫ የሚረጨውን ኤስኬታሚን የምትወስዱ ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። እዛ የሚሰጠው መጠን የተለካ ነው፣ ጊዜው የተራራቀ ነው፣ የኤስኬታሚኑ መመሪያ ራሱም ሐኪሙ የሽንት ምልክቶችን እንዲከታተል ያዛል። ማቃጠል ወይ ማጣደፍ ካያችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተናገሩ፣ በቃ።

ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ ልጃችሁ ወይ ወንድማችሁ ሽንት ቤት እየተመላለሰ ከሆነ፣ በር አትደብድቡበት። ለብቻው ስታገኙት ያማል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ምን ወሰድክ የሚለው ይቆይ፣ ያማል ካለ የቀረውን ራሱ ይናገራል፣ ካልተናገረም አብራችሁት ሐኪም ጋ ሂዱና ክፍሉ ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ተዉት።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች ደሞ እነዚህ ናቸው። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ጎንና ጎን ከወገብ በላይ ከባድ ህመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ወይ ውሃ እየጠጣችሁ ሽንቱ በጣም ካነሰና ፊትና እግር ካበጠ፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፣ ሌሊትም ቢሆን። እዛም ስትገቡ መጀመሪያ ለሚያያችሁ ሰው ኬታሚን የሚለውን ቃል ተናገሩ።